የፍሬን የለሹ ደረቅ ጀርባ

ቴዮን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ሲን ፍሬኖ» እያለ ነው፤ ፍሬን የለሽ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አፉ ነው፤ ወሬ ከጀመረ የሚያስቆመው ሰው ገና አልተወለደም። ሁለተኛው ሞተር ሳይክሉ ናት፤ እሷም ቁልቁለት ከጀመረች እንደዚያው። እኔ ዮካስታ ነኝ፣ ጸጉር ሠሪዋ። የእኔን ጸጉር ቤትና የእነሱን ጓሮ የሚለየው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ የማወራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። በቀዳዳው አጮልቄ አላውቅም። እሺ፣ አንዳንዴ።

ሰፈራችን ተራራ አናት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹና ገበያው ታች ናቸው፤ መሃሉ ላይ «ድንጋጤ» የምንለው ቁልቁለት አለ። በዚህ ቁልቁለት ሰው የሚያመላልስ ሞተረኛ ሁሉ፣ አዲስ ሞተር የገዛ ቀን መጀመሪያ የሚያደርገው የፊት ፍሬኑን ፈቶ ማውጣት ነው። የፊት ፍሬን የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ በአናቱ ይተከላል ይባላል። ማን እንደተተከለ የሚያውቅ የለም። ሞክሮ ያየም የለም፤ ከየት ይምጣ፣ የፊት ፍሬን ያለው ሰው የለማ! የተፈታው የፍሬን ገመድ ግን አይጣልም። ልብስ ይሰጣበታል፣ ፍየል ይታሰርበታል። እኔ ራሴ የጸጉር ቤቴን መጋረጃ የሰቀልኩት በራዳሜስ የፍሬን ገመድ ነው። መሪው ላይ የሚቀረው እጀታም ሥራ አይፈታም፤ የገበያ ፌስታል ይንጠለጠልበታል።

ራዳሜስ ማለት የሞተረኞቻችን አለቃ ነው፤ ጺሙን የሚያበጥር፣ ማንጎው ሥር ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጦ ስለ ሁሉም ነገር ፍርድ የሚሰጥ ሰውዬ። በቴዮ ሞተር የነዳጅ ታንከር ላይ «ሲን ፍሬኖ» ብሎ በነጭ ቀለም አሳምሮ የጻፈውም እሱ ነው።

የቴዮ ሚስት ኔሬይዳ ኬክ ጋጋሪ ናት። የእሷ ኬክ አፍ ውስጥ ሲገባ ማኘክ ያስረሳል። መሃሉ የአናናስ ማርማላታ ነው፤ ላዩ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ተመትቶ የተነሣ ነጭ ክሬም። ያንን ክሬም እኛ «ሱስፒሮ» እንለዋለን፣ ረጅም ትንፋሽ እንደማለት፤ እውነትም ከአየር በቀር ምን አለው? ጎረቤት መሆኔን ከምወድባቸው ነገሮች አንዱ፣ ኔሬይዳ ከኬኩ ዳር የቆረጠችውን ፍርፋሪ በቆርቆሮው አናት ላይ የምታቀብለኝ ነገር ነው።

ታዲያ ካቻምና ለሰፈራችን ቅዱስ በዓል የሠራችውን ኬክ ታቅፋ ከቴዮ ኋላ ተቀምጣ ስትወርድ፣ አንዲት ዶሮ መንገድ አቋረጠች። ቴዮ የኋላውን ፍሬን ረገጠ። የኋላው ጎማ በጎን ዞሮ ከፊተኛው ጋር ሰላም ሊባባል ምንም አልቀረው። ሰው አልተጎዳም፣ ዶሮዋም አልተጎዳችም፤ ኬኩ ግን በአየር ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። ወዲያው አንድ ውሻ ደርሶ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ነከረና ነጭ ጺም አብቅሎ፣ እንደ ጳጳስ ኮራ ብሎ ቀና አለ።

ቴዮ ሳቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ውሻውን ያየ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነገር ነበር። ግን ኔሬይዳ በዚያን ቀን መብራት ጠፍቶባት ክሬሙን በእጇ ነበር የመታችው፤ ክንዷ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሳቅ፣» አለችው። «ደስ እስኪልህ ሳቅ። እኔ ግን ካንተ ኋላ ከእንግዲህ አልቀመጥም።»

አልተቀመጠችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኬኮቿን ተሸክማ በእግሯ ትወርዳለች፤ ቴዮም ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ይከተላታል። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ሲዝናና ከረመ። ግን ቁልቁለት ጉልበት ይበላል። ዘንድሮ ኔሬይዳ እያነከሰች መሄድ ስትጀምር የሚስቅ ጠፋ።

አንድ ቀን የደንበኛ ጸጉር እያጠብኩ በቆርቆሮው በኩል ድምጿን ሰማሁ።

«ቴዮ፣ የዶኛ ፊሎሜና ልጅ የሠርግ ኬክ የመጨረሻዬ ነው።»

«የምን የመጨረሻ?»

«ጉልበቴ አለቀ። ከሠርጉ በኋላ ላ ቬጋ ከተማ፣ እህቴ ጋ ሄጄ እዚያ እጋግራለሁ። እዚያ አገሩ ጠረጴዛ ነው፤ እንቁላል መሬት ላይ ብታስቀምጥ አይንከባለልም።»

«እኔስ?»

«አንተማ ሞተርህ አለችህ።»

ቧንቧውን ዘጋሁት። ደንበኛዬም ዓይኗ ውስጥ ሳሙና ገብቶ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

«ኔሬ፣ እኔ ባወርድሽስ?»

«በዚያች ሞተር?»

«በዚያችው። የፊት ፍሬን ላበጅላት ነው። ደህና፣ የዘይት ፍሬን፣ ዲስክ ያለው።»

ኔሬይዳ ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ከዚያ ዕቃ ሲነሣ ሰማሁ፤ ክሬም መምቻ ማሽኗን ካርቶን ውስጥ እያስገባች ነበር። ለሠርጉ የሚሆነውን ከእህቷ ልጅ ተውሳለች፤ የራሷ ግን ታሽጎ በር አጠገብ ተቀመጠ። ቴዮ በወጣ በገባ ቁጥር ያንን ካርቶን መሻገር ነበረበት።

በማግስቱ ሰፈራችን ጸጥ አለ። ቴዮ ከሞተሩ ኋላ የሚጭነው አንድ ትልቅ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ እሱ ሲከፈት የእኔ ማበጠሪያዎች በመደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ። ያንን ማጉያ ታች ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ግቢ ወስዶ፣ ከተጋጨ ሞተር ላይ የወጣ የፊት ጎማ ከነዲስኩ፣ ጎማውን የሚይዙትን ሁለት እግሮች፣ ዲስኩን የሚቆነጥጠውን ብረት፣ ባለ ዘይት እጀታውንና ቱቦውን በለውጥ ይዞ መጣ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጆሮዬ እንደገና ተወለደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚህ ፍሬን ደጋፊ ሆንኩ።

ጓሮው ጋራዥ ሆነ። ሞተሯን በቢራ ሣጥን ላይ አቆማት፣ የድሮውን የፊት ጎማ አወጣ፣ ብሎኖቹን በኔሬይዳ የኩኪስ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቀመ። ራዳሜስና ጓደኞቹ ወንበራቸውን ከማንጎው ሥር አንሥተው አጥሩ ላይ ተደገፉ።

«ሲን ፍሬኖ፣ መቃብርህን የምትቆፍረው በመፍቻ ነው?»

«ራዳሜስ፣ አንተ ተገልብጠህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ለምን መሰለህ? ፍሬን ስለሌለኝ!»

ሁሉም አጨበጨቡለት። ይህን ያህል አሳማኝ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ጎማው ገባ፣ ዲስኩ ተሽከረከረ፣ የፍሬን ሸራዎቹ ተገጠሙ፣ ዘይቱ ተሞላ። ቴዮ እጀታውን ጨበጠው። እጀታው እንደ ረጠበ ስፖንጅ ልፍስፍስ ብሎ መሪው ላይ ተኛ። እንደገና ጨበጠ፤ ያው ነው። ቱቦው ውስጥ አየር አለ። አየሩን ማስወጣት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ላይ ሆኖ እጀታውን ይጨብጣል፣ ሌላው ታች ሆኖ ብሎኗን ከፍቶ ይዘጋል። አጥሩ ላይ ከተደገፉት ውስጥ አንድም እጁን ያበደረው የለም።

ቴዮ ወደ ወጥ ቤቱ አየ። ኔሬይዳ በሩ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነበር።

«ምንድን ነው የምይዘው?» አለች።

በዚህ ጊዜ ጸጉር ቤቴ ሙሉ ነበር። ሁላችንም ከቆርቆሮው ወዲህ የሰማነው ይሄን ነው፦

«ጨብጪ!»

«ጨበጥኩ!»

«ያዢው፣ እንዳትለቂ! … አሁን ልቀቂ! ተንፍሺ!»

«አንተ ተንፍስ!»

«እንደገና! ጨብጪ! እየወጣ ነው፣ እየወጣ ነው!»

ጸጉሯን የምጠቀልልላት ሴትዮ አማተበች። «ኔሬይዳ አረገዘች እንዴ? በዚህ ዕድሜዋ?» አለችኝ። አፌን በፎጣ አፍኜ ነበር።

አየሩ ግን አልወጣ አለ። ቴዮ ጫፏን ማሰሮ ውስጥ የነከራትን ቀጭን ቱቦ እያየ ይማረራል፤ ጥቂት አረፋ ትመጣለች፣ ሌላው የሆነ ቦታ ተሸሽጓል። ኔሬይዳ አጎንብሳ አየችው።

«አየር መሆኑ ነው?»

«አየር ነው።»

«እንግዲህ እኔ አየር ለማስገባት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ለማስወጣት ደግሞ ኬኩን ምድጃ ከመክተቴ በፊት ምን ስሠራ ነው የምታየኝ?»

ቴዮ አሰበ። «ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ታንኳኪዋለሽ።»

ኔሬይዳ የእንጨት ማንኪያዋን አምጥታ ከታች ከሚቆነጥጠው ብረት ጀምራ ወደ ላይ፣ ቱቦውን ተከትላ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ወጣች። አረፋው ግር ብሎ መጣ። ጨበጡ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ለቀቁ፣ ዘይት ጨመሩ። በመጨረሻ እጀታው ጠንክሮ ቆመ። ኔሬይዳ በሁለት እጇ ብትጨብጠውም መሪው አጠገብ አልደርስም አለ። በዚያው ደስታ ቴዮ የዘይቱን ማሰሮ ገፋው፤ ዘይቱ ታንከሩ ላይ ፈሰሰ። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። ወዲያው ውኃ ቢያፈሱበትም፣ በጨርቅ ቢጠርጉትም፣ የራዳሜስ ነጭ ጽሑፍ ግማሹ ከጨርቁ ጋር ሄደ። «ሲን»፣ «የለሽ» የሚለው፣ ጠፋ፤ የቀረው «ፍሬኖ» ብቻ ሆነ።

ራዳሜስ ከአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበው። «ጽሑፌን አበላሹት» አለ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ኔሬይዳ ገና አልተቀመጠችም። ቅድመ ሁኔታ አለኝ አለች። ቴዮ ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ ከኋላ መቀመጫው ላይ ያስር፤ ድንጋጤን ይውረድ፤ መሃል መንገድ ላይ በፊት ፍሬኑ ይቁምና ይመለስ። ጀርባው ደርቆ የመጣ ቀን እሷ ትቀመጣለች።

የመጀመሪያውን ቀን ሞተሯ ተተክላ ቆመች፤ ቴዮ አልተገለበጠም፤ ሳፋው ግን ያለ የሌለውን ውኃ ጀርባው ላይ ደፋበት። ከማንጎው ሥር እልልታው ቀለጠ።

«ሲን ፍሬኖ፣ ሳሙና ላቀብልህ?»

ኔሬይዳ በሩ ላይ ቆማ «ዙር» አለችው። ዞረ። ከሸሚዙ ውኃ ይንጠባጠባል። «ኬኬ ዋና አይችልም» ብላ ገባች።

በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። በሚቀጥለውም። ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ የሰውዬውን ጀርባ ማየት ያዘ። ልጆች «ረጥቧል!» እያሉ ቀድመውት ሽቅብ ይሮጣሉ። አንድ ጠዋት ኔሬይዳ አዝናለት መሰለኝ፣ እጁን ያዘችና ጣቶቹን በራሷ ጣቶች ላይ አደረገች።

«አንተ የምትይዘው ሌባ እንደያዘ ሰው ነው። ክሬም በከረጢት ስጨምቅ አይተህ የለ? መጀመሪያ ዳሰስ ነው፤ ከዚያ ክሬሙ መጣልህ ሲልህ ጠበቅ፣ ጠበቅ። እግርህንም አብረህ ጫን፣ አትርሳው።»

ቴዮ ከፍሬኑ ይልቅ እጇን እያየ ነበር። ከቀዳዳው በደንብ ይታያል።

የዚያን ዕለት ትከሻው ብቻ ረጥቦ መጣ። በማግስቱ ከወገቡ ላይ ጥቂት ጠብታ። የሠርጉ ዋዜማ፣ «ዙር» ስትለው ዞረ፤ ኔሬይዳ በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። እኔና ደንበኞቼ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፈን ነበር።

«ደረቅ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

የሠርጉ ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቴዮ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሞተሯ ላይ ተቀመጠ። ኔሬይዳ አማትባ ከኋላው ተቀመጠች፤ ባለ ሁለት ደርብ ኬክ በጣውላ ላይ ጭኗ ላይ ተደርጎላት በሁለት ክንዷ አቀፈችው። እኔ ለሠርጉ የሳቴን ቀሚሴን ለብሼ፣ ጸጉሬ ግን ገና በቢጎዲን መጠቅለያዎቹ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ጸጉር የሚፈታው አዳራሹ በር ላይ ነው። ራዳሜስ «ነይ፣ እኔ አደርስሻለሁ» አለኝ።

«ምን ተገኘ ዛሬ?»

«ሲገለበጥ ማየት አለብኝ፣ ጎረቤት። ዕድሜ ልኬን የተናገርኩት ነገር ነው።»

ሁለት ሞተሮች ከኋላችን ተከተሉ። እንደ ሙሽራ አጀብ ሆነን ድንጋጤን ጀመርነው። ቴዮ ከፊት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል አላወጣም፤ ኔሬይዳ ብቻ «ዳሰስ … ዳሰስ …» ትላለች። የኬኩ ነጭ ክሬም ይንቀጠቀጣል። ያ ኬክ ቦይ ውስጥ ከገባ በር ላይ ያለው ካርቶን ላ ቬጋ ይሄዳል። ያንን ሁላችንም እናውቃለን። ራዳሜስም ያውቃል፤ የሚመኘውን ግን ራሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም።

የመጨረሻውን ጠመዝማዛ ስንዞር ጥቅል ጎመን የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ መንገዱን ዘግቶታል፤ ግማሹ ጎመን ወርዶ ዳር ላይ ተቆልሏል።

ቴዮ ጨበጠ። ዳሰስ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ ከዚያ ጠበቅ። የሞተሯ ፊት ዝቅ አለ፣ ጎማው አልተንሸራተተም፣ ከመኪናው አንድ ክንድ ላይ ዝም ብላ ቆመች።

ራዳሜስ የኋላውን ረገጠ። ምን ያደርጋል! ጎማችን ጮኸ፣ በጎናችን ሆንን፣ በእነ ኔሬይዳ አጠገብ አለፍን። ስናልፍ ዓይን ለዓይን ተያየን። እሷ ኬኳን እንዳቀፈች፣ በሙሉ እርጋታ፣

«ዮካስታ፣ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ወደ ጎመኑ!» አልኳት።

ወደ ጎመኑ ገባን። ከኋላችን ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ መጡ፤ ቧ! ቧ! ጥቅል ጎመን ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተንከባለለ፤ ከጸጉሬ የወጡት መጠቅለያዎች አብረውት ሄዱ። ማንም አልተጎዳም፤ ጎመን ላይ መውደቅ ከአንዳንድ ፍራሽ ይሻላል። ራዳሜስ ጭኑ ላይ አንድ ጎመን እንዳቀፈ ተቀምጦ ቴዮን ትክ ብሎ አየው።

«አልተገለበጠም» አለ።

«አዎ» አልኩት። «የተገለበጥነው እኛ ነን።»

ቴዮ ግን አልዞረም። መሪውን ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ ፊት ለፊት ያያል።

«ኔሬ» አለ በቀጭን ድምፅ። «ኬኩ?»

«ደህና ነው።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«እንግዲያው … መሳቅ ይቻላል?»

ኔሬይዳ እኛን አየች፤ ጎመኑን፣ ሳቴን ቀሚሴን፣ በራዳሜስ ጺም ላይ የተንጠለጠለውን ቅጠል።

«ቆይ። መጀመሪያ ይሄን ከላዬ አንሡልኝ» አለች።

ኬኩን ተሸክመን አዳራሹ ውስጥ አስቀመጥነው። የሠርጉ ባለቤት ዶኛ ፊሎሜና መነጽራቸውን አድርገው ዞር ዞር ብለው አዩት፤ አንድ ጫፍ እንኳ አልተነካም።

«በምን መጣ?»

«በሞተር፣ ዶኛ ፊሎሜና» አልኳቸው።

«አትቀልዱብኝ» አሉ። ቀጥለው ጸጉሬን አዩና «አንቺስ በምን መጣሽ?» አሉኝ።

ኔሬይዳ ያኔ ነው የለቀቀችው። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ቴዮ እሷን አይቶ ሳቀ፤ ከካቻምና ጀምሮ ውስጣቸው ታፍኖ የከረመው ሁሉ ባንዴ ወጣ። ሙሽራዋ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ከዚያ ኔሬይዳ የቴዮን እጅጌ ያዘች።

«ነገ ማሽኔን ከካርቶኑ አውጣልኝ።»

«አሁን አወጣዋለሁ! አሁን ሄጄ …»

«አሁንማ» አለች፣ «አንድ ጊዜ ሽቅብ ውሰደኝና መልሰህ አውርደኝ። ያለ ኬክ። እኔ እኮ ኬኩን ሳይ መንገዱን አላየሁትም።»

ሄዱ። ጭፈራው ተጀምሮ፣ ሙዚቃው ደርቶ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ከጸጉሬ የጎመን ቅጠል ስለቅም ተመልሰው መጡ። ቴዮ መንገዱን ሙሉ እያወራ፣ በአጠገቤ አልፎ ገባ። ራዳሜስ ክርኔን ነካ አደረገኝ። የቴዮ ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ፣ በሁለት ትከሻዎቹ መሃል፣ ፊት የሚያህል ርጥበት ነበር።

«አየሽ?» አለ ራዳሜስ ተስፋው ለምልሞ። «ረጥቧል! ፍሬኑ ከሽፏል ማለት ነው!»

ኔሬይዳ ከኋላ ደረሰች። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል፣ ዓይኗ ቀልቷል፤ እስካሁን ትስቃለች።

«ሳፋው አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለችው። «አንተም ዝም በልና የፍሬን ገመድህን ከዮካስታ መጋረጃ ላይ አውርድ።»

ሰኞ ጠዋት ጸጉር ቤቴን ስከፍት መጋረጃዬ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ገመዱ የለም። ከቆርቆሮው ወዲያ የኔሬይዳ ማሽን ይጮሃል፤ ቴዮ ከማሽኑ በላይ እየጮኸ ያወራል።